መኪናው ግሩም ነው፣ ዳሽቦርዱ ግን ለሱሉልታ መንገድ አልተሠራም

ኤሌክትሪክ መኪና ልግዛ አልግዛ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ ግዙ። ነገር ግን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና የዝናብ መጥረጊያው፣ የመስታወት ጉም ማጥፊያውና የማሞቂያው ማዘዣ የት እንዳለ ፈልጉ። እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ዳብሳችሁ የምታገኙት ከሆነ መልካም። ስክሪን ከፍታችሁ፣ ገጽ ቀይራችሁ፣ ምልክት ለይታችሁ የምትነኩት ከሆነ ግን ሌላ ሞዴል ጠይቁ። ስለ ባትሪውና ስለ ጉልበቱ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ የምጽፈው ስለ ዳሽቦርዱ ነው፤ ክረምቱንም በጋውንም ነድቼው ያየሁትን።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ላሞች አሉን፣ ከጎረቤት አርቢዎችም ወተት እንሰበስባለን፤ ከጾም ወራት በቀር ማለዳ ማለዳ ጭኜ አዲሱ ገበያና ሰሜን ሆቴል አካባቢ ላሉ ካፌዎች የማደርሰው እኔ ነኝ። ካፌዎቹ የመጀመሪያውን ማኪያቶ ሳይቀዱ መድረስ ስላለብኝ ከቤት የምወጣው ገና ሳይነጋ፣ 11 ሰዓት ገደማ ነው።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። የጎጃም መንገድ ነው። ከሱሉልታ ሜዳ ተነስቶ በእንጦጦ ትከሻ ይወጣና ወደ አዲስ አበባ ቁልቁል ይወርዳል። በክረምት ጉሙ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ከደርባ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች አሉ፣ የጎጃም አይሱዙዎች አሉ፣ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ መብራት ሳይኖረው ከፊታችሁ ይገኛል። ከሁሉም በላይ ግን በጨለማ ተሰልፈው የሚሮጡት አትሌቶች አሉ። ሱሉልታ የሯጮች መንደር ነው፤ ልጆቹ ለልምምድ የሚወጡት እኔ ወተት ይዤ በምወጣበት ሰዓት ነው። አስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ይሮጣሉ፣ አንዳንዱ ጥቁር ቱታ ለብሷል። ስለዚህ መኪናን የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዓይኔን ከመንገዱ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ይወስድብኛል?

የመኪናዬን ስም አልጠራም። ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ብጠራው ደግሞ የሌላ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ጉዳዩ አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። ቻይና ተሠርቶ የመጣ፣ አምስት ሰው የሚይዝ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም ከተነገረ ወዲህ መንገዱን ከሞሉት መኪኖች አንዱ ነው።

ምስጋናው ይቅደም። ዳገቱን ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ ድካም የሚባል አያውቅም። የነዳጅ ሞተር ከፍታ ላይ አየሩ ሲሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያቃጥልምና እንጦጦ ላይም ያው ነው። ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሬን ሳነሳ ራሱን ይዞ ይወርዳል፣ ኃይሉንም በከፊል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራው ብዙ አይበላም። ሌሊት ቤት ቻርጅ አደርገዋለሁ፣ የማደያ ሰልፍ ረስቻለሁ። ማሞቂያው ሞተር እስኪሞቅ አይጠብቅም፤ በውርጭ ጠዋት ገና ከግቢ ሳልወጣ እግሬ ይሞቃል። ለዚህ ነው ያለ ማመንታት ግዙ የምለው።

ዳሽቦርዱ ጋ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሐል ላይ ረከቦት የሚያክል ስክሪን ተቀምጧል። ከሱ ሌላ በእጅ የሚጫኑት ነገር የአራቱ ፍሬቻ ቁልፍ ብቻ ነው። የሙቀት ማዞሪያ የለም። የንፋስ ማዞሪያ የለም። የጉም ማጥፊያ ቁልፍ የለም። የጭጋግ መብራት በስክሪን ነው፣ የስፖኪዮ ማስተካከያ በስክሪን ነው፣ ወረቀት የምናስቀምጥበት ኪስ እንኳ የሚከፈተው በስክሪን ነው። የዝናብ መጥረጊያውን ከመሪው ስር ባለው ዘንግ ስትጫኑት አንዴ ይጠርግና ይቆማል፤ ፍጥነቱን መቀየር ከፈለጋችሁ ወደ ስክሪኑ ትሄዳላችሁ። አውቶማቲክ አለው ይሏችኋል፣ አለውም። የሱሉልታ ዝናብ ግን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካፊያም ዶፍም በረዶም ይሆናል፤ ሲኖትራክ በጎናችሁ አልፎ የጭቃ ውሃ መስታወቱ ላይ ሲደፋ አውቶማቲኩ እስኪያስብ የሚጠበቅበት ጊዜ የለም።

መጥረጊያን በስክሪን ማድረግ ሰውን ፍርድ ቤት አቁሟል። ጀርመን ውስጥ አንድ የቴስላ ሹፌር ዶፍ ዝናብ ላይ የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ምልክትና ዛፍ ገጨ። በካርልስሩሄ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ እየነዱ ስክሪኑን እንዲህ መጠቀም ስልክ እንደ መነካካት ሊያስቀጣ ይችላል ብሎ የ200 ዩሮ ቅጣቱንና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸና። ሰውየው የነካው ዘፈን ለመቀየር አልነበረም። ዝናብ ላይ መጥረጊያ መክፈት ሹፌር ሁሉ ማድረግ ያለበት ነገር ነው። መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ማዘዣውን ያኖረበት ቦታ ነው ሰውየውን ያስቀጣው፤ እኔን ይህ ፍርድ ሁሌም ይቆረቁረኛል።

በነሐሴ አንድ ማለዳ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ አባርቷል፣ ጉሙ ወርዷል። አጠገቤ የእህቴ ልጅ ተቀምጣለች። ቢዶኖቹን የጫንነው ካፊያ ላይ ስለነበር ሁለታችንም እርጥብ ነን፣ ጋቢዬ ውሃ ጠጥቷል። የሁለት ሰው ትንፋሽና የእርጥብ ጋቢ እንፋሎት ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ መስታወቱ ከግርጌው ጀምሮ እየነጣ ወደ ላይ መጣ። ዳገቱን ጨርሰን ኩርባው ጋ ደርሰናል።

ስክሪኑ ላይ ካርታ ነው የተከፈተው። ከታች ጥግ ላይ ያለችውን የንፋስ ምልክት ነካሁ፤ ጣቴ እርጥብ ነበርና አልሰማኝም። በጋቢዬ ጠርጌ ደግሜ ነካሁ፣ የአየር ገጹ ተከፈተ። የፊት መስታወት ምልክትና የኋላ መስታወት ምልክት ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱ ቅስት ሌላው አራት ማዕዘን፣ ሁለቱም ላያቸው ላይ ሦስት የተጠማዘዙ ቀስቶች። ለይቼ ልነካ ስል ጎማው ጉድጓድ ገባ፣ እጄ ተናጠና ሌላ ነገር ነካ፤ ወንበሬ ከስሬ ቀዝቃዛ ንፋስ መንፋት ጀመረ። የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ አንቺ መንገዱን እዪ" ብላ ራሷ ነካችው። ቀና ስል ሯጮቹ በቀኝ በኩል በሰልፍ እየመጡ ነው። ርቀት ነበረን፣ ቀስ ብዬም ነበር የምሄደው፣ ምንም አልሆነም። እሷ ባትኖር ግን መቆም ነበረብኝ፤ በጉም ውስጥ ኩርባ ላይ መቆም ደግሞ የባሰ ነው፣ ከኋላ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ይመጣል።

ሒሳቡን እዩት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። አምስት ሰከንድ ስክሪን ማየት ማለት ከ80 ሜትር በላይ ሳያዩ መንዳት ማለት ነው።

እርጥብ ጣት የማይሰማው ለምን እንደሆነ የጋራዥ ኤሌክትሪክ ባለሙያው አስረድቶኛል። እንዲህ ዓይነቱ ስክሪን ግፊት አይደለም የሚለየው፤ የጣታችን ሰውነት በመስታወቱ ላይ ያለውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ሙል ሲለውጠው ያንን ነው የሚያነበው። ውሃም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ያወናብደዋል፤ ተራ የሱፍ ጓንት ደግሞ ጭራሽ ይጋርደዋል። የኔ እጅ ጠዋት ወይ ወተት ወይ ውሃ ነክቶታል፣ በውርጭ ወቅት ደግሞ ጓንት ውስጥ ነው። በበጋም ሌላ ነገር አለ። ከዋናው አስፋልት እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አቧራ ነው፤ አቧራውና የጣት አሻራው ስክሪኑ ላይ ሲደራረብ፣ ረፋድ ላይ ወደ ቤት ስመለስ ፀሐይ በጎን ትገባና ጽሑፉ አይነበብም።

ከዚህ በፊት ቪትዝ ነበረኝ። ስለሱ ረጅም ነገር አልጽፍም፣ ግማሽ አዲስ አበባ ነድቶታል። መሐል ላይ ሦስት ክብ ማዞሪያ አለ፤ አንዱ የንፋሱን ኃይል፣ አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ አየሩ ወዴት ይንፈስ የሚለውን ያዛል። መስታወት ሲነጣ ሁለቱን እስከ ጫፍ ማዞር ነው፣ አለቀ። ማዞሪያው ጫፉ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የቆመበትን እጅ ያውቀዋል። በየመሐሉ ቀጭ ይላል፣ ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ትሰማላችሁ። ጨለማ ይሁን፣ እጅ ይርጠብ፣ ጓንት ይደረግ፣ ጉድጓድ ይናጥ፣ እጃችሁ ይዞታልና አይስትም። ስክሪን ላይ ግን ጣት የሚደገፍበት ነገር የለም። መስታወቱ ሁሉ ቦታው አንድ ዓይነት ስለሆነ የነካችሁትን የሚነግራችሁ ዓይናችሁ ብቻ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት ነድተው አሰብ ይመላለሱ የነበሩ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። አዲሱን መኪና ሊመርቁልን መጡና ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። መሪውን ያዙ፣ ወንበሩን አመሰገኑ፣ ከዚያ ቀኝ እጃቸው በልማድ ወደ ዳሽቦርዱ ሄዶ መዳበስ ጀመረ። እጃቸው መስታወቱ ላይ ተንሸራቶ እስከ ጫፍ ሄደና ተመለሰ። "ልጄ፣ የሚያዘው ነገር የታለ?" አሉኝ። በስክሪኑ እንደሆነ ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና "እኛ ሌሊት በረሃውን ስናቋርጥ የዳሽቦርዱ መብራት እንኳ አይበራም ነበር። ሹፌር ውስጡን በእጁ ነው የሚያየው፣ ዓይኑ የውጭ ነው" አሉ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሳቸው የተሻለ የተናገረ ሰው አልሰማሁም።

እሳቸው በእጅ ያሉትን ስዊድኖች በሰዓት ለክተውታል። ቪ ቢላጋሬ የተባለው የመኪና መጽሔታቸው እ.ኤ.አ. በ2022 አሥራ ሁለት መኪኖችን በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እያስነዳ ሹፌሩ አራት ተራ ሥራዎችን እንዲሠራ አደረገ፤ የወንበር ማሞቂያ መክፈትና ጉም ማጥፋት፣ ራዲዮ ጣቢያ መፈለግ፣ የጉዞ ኪሎ ሜትሩን ወደ ዜሮ መመለስ፣ የዳሽቦርዱን ብርሃን መቀነስ፣ የመሳሰሉትን። ሹፌሮቹ አስቀድመው መኪናውን እንዲለማመዱ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። አንደኛ የወጣው እ.ኤ.አ. የ2005 ቮልቮ ቪ70 ነው፣ ሙሉ በሙሉ በቁልፍና በማዞሪያ የሚሠራው። ሁሉንም በ10 ሰከንድ ጨረሰ፣ በዚያ ጊዜ የተጓዘው 306 ሜትር ነበር። መጨረሻ የወጣው ኤምጂ ማርቬል አር ወደ 45 ሰከንድ ፈጀ፤ 1372 ሜትር ሄዷል። ከአዲሱ ገበያ አደባባይ ተነስታችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ በላይ መንገድ ሳታዩ እንደ መሄድ አስቡት።

የሁሉም ሰው አስተያየት ግን እንደኔ አይደለም፣ ያንንም መጻፍ አለብኝ። ባለቤቴ ስክሪኑን ይወደዋል። መኪናውን ከላይ ሆኖ እንደሚያይ አድርጎ ዙሪያውን የሚያሳየው ካሜራ ለሱ ከምንም በላይ ነው፤ የግቢያችን በር ጠባብ ነው፣ ቪትዙን ያስገባ የነበረው በግምት ነበር፣ አሁን በስክሪኑ እያየ ድንጋዩን ሳይነካ ያስገባል። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ለካሜራ፣ ለካርታ፣ ለባትሪ መረጃ፣ የቻርጅ ሰዓት ለመሙላት ትልቅ ስክሪን ጥሩ ነገር ነው። እነዚህን የምናያቸው ወይ ቆመን ነው ወይ በእግር ፍጥነት እየሄድን።

ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ ላይ የማገኘው የሜትር ታክሲ ሹፌርም በስክሪኑ አይማረርም። "እናቴ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ እዚህ ላይ ነኝ፣ ምልክቶቹን በቃሌ ይዣቸዋለሁ" አለኝ። አባባሉን አከብራለሁ፤ ግን እሱ ራሱ ያሳየኝ ነገር አለ። የሱ መኪና ካርታ የቻይናን እንጂ የኛን ሀገር አያሳይም። ስለዚህ ከዚያ ሁሉ ስክሪን አጠገብ የራሱን ስልክ በማንጠልጠያ ሰቅሎ ነው ደንበኛ የሚፈልገው። በድምፅ ማዘዝ ይቻላል ይባላል፤ የሚሰማው ቻይንኛ ነው፣ ባለሙያ ከቀየረው እንግሊዝኛ። "ሙቀት ጨምር" ብላችሁ በአማርኛ ብትነግሩት አይሰማም፣ በኦሮምኛም አይሰማም። አንድ ጊዜ ደግሞ ቋንቋውን ያስቀየረ ቀን በቃሉ የያዛቸው ምልክቶች ቦታ ቦታቸውን ለቀው አገኛቸውና እንደ አዲስ ለመደ። ማዞሪያ ቢሆን ማንም ሌሊት መጥቶ ቦታውን አይቀይረውም።

ለገጣፎ የምትኖረው ጓደኛዬ የገዛችው ኤሌክትሪክ ከስክሪኑ ስር አንድ ረድፍ ቁልፍ አለው፤ ሙቀት፣ ንፋስ፣ የፊት መስታወት፣ የኋላ መስታወት። ዋጋው ከኔው ጋር ያን ያህል አይራራቅም። አንድ ቀን ይዛኝ ስትሄድ ስለ ልጆቿ እያወራችኝ እጇን ዘርግታ ጉሙን አጠፋችው፤ ወሬዋን አላቋረጠችም፣ ወደ ታችም አላየችም። ኤሌክትሪክ መኪና በስክሪን ብቻ መታዘዝ አለበት የሚል ሕግ እንደሌለ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ባትሪውና ቁልፉ የሚጣሉበት ምክንያት የለም።

ታዲያ ፋብሪካዎቹ ቁልፉን ለምን አስወጡት? ዋናው ነገር ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ቅርጽ ማውጫ ይፈልጋል፣ ሽቦ ይፈልጋል፣ ፍተሻ ይፈልጋል፣ የሚገጥመው እጅ ይፈልጋል። ስክሪን አንዴ ከገባ የቀረው ፕሮግራም ነው፤ ለአሥር ሞዴል ያው ስክሪን ይሆናል። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2012 ሞዴል ኤስ ላይ 17 ኢንች ስክሪን ሲያቆም ደግሞ ሌላው ሁሉ ዘመናዊ ለመምሰል ተከተለው። አሁን ከገዢው የመጣው ቅሬታ እየመለሳቸው ነው። የቮልስዋገን የዲዛይን ኃላፊ አንድሪያስ ሚንት እ.ኤ.አ. በ2025 ለድምፅ፣ ለግራና ለቀኝ ሙቀት፣ ለንፋስና ለአራቱ ፍሬቻ በእጅ የሚጫኑ ቁልፎች ከአሁን በኋላ በሚሠሩት መኪኖች ሁሉ ላይ እንደሚኖሩ ተናግረዋል። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ከጥር 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ አምስት ኮከብ ለሚፈልግ መኪና ፍሬቻ፣ አራቱ ፍሬቻ፣ ጡሩንባ፣ ዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጥሪ በእጅ የሚያዙ እንዲሆኑ አድርጓል። ጉም ማጥፊያውን ቢጨምሩበት ደግሞ ምንኛ ደስ ባለኝ።

የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ ልምድ ነው፣ የኛ ዕድሜ ልጆች አይቸግራቸውም" ትለኛለች። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ጆን ኤስ ማኬይን የተባለው የአሜሪካ ጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭቶ አሥር መርከበኞች ሞተዋል። መሪውና የፍጥነት ማዘዣው በንክኪ ስክሪን ነበር፤ ሠራተኞቹ ማዘዣውን ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ተምታታባቸው። የሥልጠና ጉድለት እንደነበረ ምርመራው አልደበቀም፣ የስክሪኑን አሠራርም ግን አብሮ ተችቷል። የባሕር ኃይሉ መርከበኞቹን ሲጠይቅ ያገኘው መልስ በእጅ የሚገፋ ማዘዣ ይመለስልን የሚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2019ም እንደሚመልስ አስታወቀ። እነዚያ መርከበኞች አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፣ ስልክ ይዘው ያደጉ።

ስለ ጥገናም ልናገር፣ ይህ ለኛ ከአውሮፓውያኑ የበለጠ ነው የሚያሳስበው። የቪትዝ የንፋስ ማዞሪያ ሲበላሽ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ያገለገለ ታገኛላችሁ፣ በዚያው ቀን ይገጠማል፤ እስኪገጠም ደግሞ ሙቀቱና መብራቱ ይሠራሉ። ስክሪን ሲበላሽ ግን ሁሉም አብሮ ይሄዳል። የኔው በሰኔ አንድ ጠዋት ሃንግ አደረገ፣ ካርታው ላይ እንደቆመ ቀረ። መኪናው ይነዳል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ፍሬቻው ይሠራል፤ ንፋሱን ግን መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ዳር ይዤ መሪው ላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኜ እስኪነሳ ጠበቅሁ። የጋራዡ ባለሙያ አዲስ ስክሪን ቢያስፈልግ ከቻይና ታዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ወተት አይጠብቅም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ንፁህ ደረቅ ጨርቅ በሩ ኪስ ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ መስታወቱን በእጅ ለመጥረግ።

አሁን ባለው መኪና እንዴት እንደምሄድ ለሚጠይቀኝ፣ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ከግቢ ሳልወጣ ሁሉንም አስተካክዬ እወጣለሁ፤ ንፋሱን ወደ ፊት መስታወት፣ ኤሲውን ከሙቀት ጋር፣ የውጭ አየር እንዲገባ። ኤሲ ለማቀዝቀዝ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ እርጥበቱን ከአየሩ የሚያወጣው እሱ ነው፣ ከሙቀት ጋር ሲሠራ መስታወቱን ቶሎ ያጠራዋል። እርጥብ ጋቢ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ይሄዳል። መሪው ላይ ደግሞ የኮከብ ምልክት ያለባት አንዲት ቁልፍ አለች፣ ባለቤቷ የፈለገውን ሥራ የሚሰጣት። ፋብሪካው ለካሜራ አድርጓት ነበር፤ ባለሙያው የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያ አድርጎልኛል። በብዙ ሞዴሎች ላይ እንዲህ ያለች ቁልፍ አለች፣ ሻጮቹ ግን አይነግሯችሁም። ጠይቁ። በመኪናው ላይ ከተደረገው ነገር ሁሉ ለኔ የጠቀመኝ ይህ ነው፣ የወሰደበትም የአንድ ሻይ ጊዜ ነው።

ልትገዙ የምትሄዱ ደግሞ መኪናውን በጠራራ ፀሐይ ቦሌ መንገድ ላይ ብቻ አትሞክሩት። ማሳያ ክፍል ውስጥ ስክሪን ያምራል፣ ሻጩም ካርታውንና ሙዚቃውን ነው የሚያሳያችሁ። እናንተ ውሃ ጠይቁና ጣታችሁን አርጥቡ። ዓይናችሁን ጨፍኑና መጥረጊያውን ወደ ፈጣኑ ቀይሩ፣ የፊት መስታወቱን ጉም አጥፉ፣ ሙቀት ጨምሩ፣ አራቱን ፍሬቻ አብሩ። ስክሪኑን እንዲያጠፋው ጠይቁትና ጠፍቶ ሳለ ምን ምን እንደሚሠራ እዩ። ቋንቋው የተቀየረ ከሆነ ማን እንደቀየረው፣ ዳግም ወደ ቻይንኛ ቢመለስ ማን እንደሚያስተካክለው ስልክ ተቀበሉ። ሻጩ ሊቸኩል ይችላል፤ ገንዘቡ የናንተ ነው፣ አያስቸኩላችሁ። አስመጪዎችም ይህን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ ያው ሞዴል ቁልፍ ያለው ዓይነት ካለው እሱን አምጡልን፣ ለጥቂት ብር ልዩነት የምንከፍል ብዙ ነን። ሰንዳፋ፣ ሆለታና ሱሉልታ ያለነው ጉምና ጭቃ ላይ ነው የምንነዳው።